አንጎል የሚታጠብበት ውሃ

ኖቬምበር 25 ቀን 1884 ለንደን ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ስኮትላንዳዊ ገበሬ ጭንቅላቱ ተከፈተ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ራጅ ገና አልተፈለሰፈም። ሐኪሙ አሌክሳንደር ሂውዝ ቤኔት የግራ ጎኑን መንዘፍዘፍና የእጁን መዛል ብቻ ተከትሎ እጢው የተቀመጠበትን ቦታ ከአጥንቱ በላይ ሆኖ ጠቆመ። ቀዶ ሐኪሙ ሪክማን ጎድሊ በተጠቆመው ቦታ አጥንቱን ከፈተ፤ እጢውንም እዚያው አገኘው። ሕክምና ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ታማሚው ከሰመመኑ ነቃ፣ ተናገረ፣ ስቃዩም ቀለለለት። ይሁን እንጂ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው አረፈ። የገደለው እጢው አልነበረም። የቀዶ ጥገናው ቁስል አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ወደ አንጎሉ ሽፋን ዘልቆ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ ልብ የሚነካ የሚያደርገው ጎድሊ የጆሴፍ ሊስተር የእህት ልጅ መሆኑ ነው። ሊስተር በ1865 ግላስጎው ውስጥ ጋሪ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ ካዳነ በኋላ፣ ቁስል የግድ መምገል እንደሌለበት ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ጎድሊም የአጎቱን ሥርዓት ተከትሏል። ካርቦሊኩ ነበር፣ ጥንቃቄው ነበር፤ ያም ሆኖ በሽታው ገባ።

እኛ ይህን በሽታ ማጅራት ገትር እንለዋለን። ስሙ ከምልክቱ የወጣ ነው፤ የታማሚው ማጅራት እንደ ጅማት ይገተርና አንገቱ አልታጠፍ ይላል። በወረርሽኝ መልክ ሲመጣ ከአገራችን ሰው የማያውቀው የለም። በቢላዋ መንገድ ሲገባ ግን ዝምተኛ ነው። ቀዶ ሐኪሞችን ከጎድሊ ዘመን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳቸውም ይህኛው ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር በአጥንት ምሽግ ውስጥ የተቀመጡ፣ ዱራ በሚባል ጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ፣ ዙሪያቸውን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ የከበባቸው አካላት ናቸው። ባክቴሪያ ያንን ፈሳሽ አንድ ጊዜ ካገኘ፣ እዚያ የሚጠብቀው ዘብ ትንሽ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የአንጎል ሐኪም የከፈተውን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ምን ልጠብበት? በውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ገዳይ ነገር ልጨምርበት ወይስ አልጨምርበት?

የጥያቄውን ክብደት ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ የተሠራ ነው። ጀርመናዊው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ትራይፓን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ወደ እንስሳት የአንጎል ፈሳሽ ወጋ። ይኸው ቀለም በደም ሥር ሲሰጥ ከሞላ ጎደል መላ አካልን አቅልሞ አንጎልን ሳይነካ ያልፍ ነበር። በፈሳሹ በኩል ሲገባ ግን አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ። ይህ ማለት በደምና በአንጎል መካከል የሚቆም በረኛ አለ፤ በረኛው ግን የሚቆመው በደም በኩል ብቻ ነው። የራስ ቅሉን ከፍቶ ከውስጥ የሚያፈስ ሐኪም ያንን በረኛ አልፎ ገብቷል። እጁ ላይ ያለው መድኃኒት ምንም ይሁን ምን በቀጥታ ነርቭ ይነካል። ከዚህ በኋላ ለመጣው ታሪክ ሁሉ ይህ ሰማያዊ አንጎል መነሻ ሆኖ ይታየኛል፤ ብዙዎች ግን ለረጅም ጊዜ ዘንግተውታል።

በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በፈረንሳይ የወደብ ከተማ ቡሎኝ አልምሮት ራይት የሚመራው የእንግሊዝ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ፤ ከረዳቶቹም አንዱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ፍሌሚንግ በየቀኑ የሚያየው ነገር እንቆቅልሽ ሆነበት። ሐኪሞች ቁስሉን በካርቦሊክና በሌሎች ኬሚካሎች ያጥባሉ፤ ቁስሉ ግን ይብስበታል። እናም አንድ ብልህ ነገር ሠራ። የመስታወት ቱቦ በእሳት አሙቆ ከጎኑ ቀጫጭን እሾሆች አወጣለትና፣ በቦምብ ፍንጣሪ የተቦዳደሰ ሥጋን የሚመስል የመስታወት ቁስል ፈጠረ። ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ሞላበት፣ ደፋው፣ በመድኃኒት አጠበው፣ እንደገና ንጹሕ ፈሳሽ ጨመረበት። ባክቴሪያው ተመልሶ በቀለ። መድኃኒቱ ከእሾሆቹ ጫፍ አይደርስም ነበርና። በሰው ቁስል ላይ ደግሞ የከፋ ነገር አየ፤ ኬሚካሉ ባክቴሪያውን ከመግደሉ በፊት ባክቴሪያውን የሚውጡትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድላል። ራይትና ፍሌሚንግ ኬሚካሉን ትታችሁ በጨው ውሃ እጠቡ ብለው ጮኹ። የሰማቸው ግን ጥቂት ነው።

በሌላው ወገን ኬሚስቱ ሄንሪ ዳኪንና ቀዶ ሐኪሙ አሌክሲስ ካሬል ከቤታችን በረኪና ጋር አንድ ዘር የሆነ፣ ነገር ግን በጣም የቀጠነና የተመጣጠነ ፈሳሽ አዘጋጅተው በጎማ ቱቦ ወደ ቁስል ውስጥ በየጥቂት ሰዓቱ ያንጠባጥቡ ነበር። ብዙ እግርና እጅ ከመቆረጥ አትርፏል። ለአንጎልስ?

ለአንጎል የመጣው አሜሪካዊው ሃርቬይ ኩሺንግ ነው። በ1917 በቤልጅየም ፍላንደርስ ጭቃ ውስጥ፣ ከግንባሩ ብዙም ባልራቀ የእንግሊዝ ጦር የቁስለኞች ጣቢያ፣ በቀን እስከ ስምንት የተመታ ጭንቅላት ይከፍት ነበር። አንድ ቀዶ ጥገና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከእሱ በፊት ሐኪሞች ጣታቸውን ወደ አንጎል ከተው ፍንጣሪ ይፈልጉ ነበር። እሱ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ወደ ጥይቱ መንገድ አስገባ፤ በዚያው ቱቦ የተፈጨውን አንጎልና የረጋውን ደም ቀስ ብሎ መጠጠ፤ በሞቀ የጨው ውሃ አጠበ፤ ቱቦው አጥንት ሲነካ በእጁ እየተሰማው የአጥንቱን ስብርባሪ አንድ በአንድ አወጣ። በመጨረሻም የዳኪን ፈሳሽ ዘመድ የሆነውን ዳይክሎራሚን-ቲ አንጠባጥቦ ዘጋ። በሦስት ወር ውስጥ ዱራቸው ከተበሳው ቁስለኞች መካከል የሚሞቱት ከግማሽ በላይ ከነበሩበት ወደ 29 በመቶ ገደማ ወረዱ። ኩሺንግ ራሱ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለጽዳቱ ነው፤ ሙት ሥጋንና ባዕድ ነገርን አንድም ሳያስቀሩ ለማውጣት። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። ሆኖም መድኃኒቱና ጽዳቱ አብረው ስለ መጡ የትኛው ምን እንደሠራ ነጥሎ ያየ አልነበረም። ይህ መቀላቀል በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመለሳል።

ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ። ለምን ዓይኑ እንደያዘው የቡሎኝን ቱቦ ለሚያውቅ ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያን ገድሎ ነጭ የደም ሕዋስን የማይነካ ነገር ለአሥር ዓመት ሲፈልግ ኖሯል። ኦክስፎርድ ላይ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርንስት ቼይን ንጥረ ነገሩን አጥርተው መድኃኒት ካደረጉት በኋላ፣ በኦገስት 1942 የፍሌሚንግ ወንድም ድርጅት ባልደረባ የሆነ ሰው በማጅራት ገትር ለሞት ተቃርቦ ወደ ለንደኑ ሴይንት ሜሪ ሆስፒታል ገባ። ፍሌሚንግ ከፍሎሪ ያገኘውን ጥቂት ፔኒሲሊን በጡንቻ ወጋው። ትኩሳቱ በረድ አለ፤ ግን በሽተኛው አልዳነም። ከጀርባው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ መድኃኒቱ የለም፤ በረኛው አላሳለፈውም። ፍሌሚንግ በዚያን ጊዜ ማንም ያልደፈረውን አደረገ፤ ፔኒሲሊኑን በአከርካሪ በኩል በቀጥታ ወደ ፈሳሹ ወጋው። ሰውየው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚህ ጊዜ የኩሺንግ ደቀ መዝሙር ወደ መድረኩ ይወጣል። ሂዩ ኬይርንስ አውስትራሊያዊ ነው፤ በ1926 ቦስተን ሄዶ ከኩሺንግ እግር ሥር ተምሮ የተመለሰ። በ1935 የአረቢያው ሎውረንስ የሚባለው ዝነኛ የጦር መኮንን ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ሲሞት ከአልጋው ዳር ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ሐዘን ተነሥቶም ሞተረኞች የራስ ቁር እንዲያደርጉ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኬይርንስ በመኪና የሚጓዙ የአንጎል ቀዶ ጥገና ቡድኖችን አቋቋመ። በ1943 ከፍሎሪ ጋር ወደ ሰሜን አፍሪካ ወርዶ ፔኒሲሊንን በጦር ቁስል ላይ ፈተነ።

መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ከወርቅ ይብስ ነበር። በመላ ሰውነት ላይ ለመበተን አይበቃም፤ ስለዚህ ቁስሉ ላይ ብቻ ይደረግ ተባለ። ሰልፋ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ገዳይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይነሰነሳል፤ ወይም ቁስሉ ይሰፋና በስፌቱ መካከል በተተዉ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ለጥቂት ቀን ይንጠባጠባል። በጭንቅላት ቁስል ላይም እንደዚሁ ተደረገ፤ ቀድሞ ይሞቱ የነበሩ ወጣቶችም ተረፉ። ስለዚህ መድኃኒትን በቀጥታ አንጎል ላይ ማፍሰስ ከጥናት ብቻ የተወለደ ልማድ አይደለም፤ እጥረትም ወልዶታል። እጥረቱ አለፈ። ልማዱ ግን ቀረ።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ቺካጎ ላይ ኧርል ዎከርና ኸርበርት ጆንሰን የተባሉ ሐኪሞች አስደንጋጭ ነገር አዩ። ፔኒሲሊን በእንስሳት የአንጎል ገጽ ላይ ሲፈስ እንስሳው በሚጥል በሽታ እንደተያዘ ሰው ይንቀጠቀጣል። በ1945 ፔኒሲሊንን ወደ አንጎል ክፍተቶች ስለ መውጋት ማስጠንቀቂያ አወጡ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ በመድኃኒቱ ላይ ሳይሆን በቆሻሻው ላይ ነበር። የዚያ ዘመን ፔኒሲሊን ብጫማ ዱቄት ነው፤ ከሻጋታው ብዙ ነገር ተቀላቅሎበታል። ጥርት ሲል ይተዋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ጠራ፤ አልተወም። እንዲያውም ፔኒሲሊን በአንጎል ላይ ማንቀጥቀጥን ለማስነሣት እጅግ አስተማማኝ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የሚጥል በሽታ ተመራማሪዎች በሽታውን በእንስሳት ላይ ፈጥረው ለማጥናት ለአሥርት ዓመታት የተጠቀሙበት እሱን ነው። ማጅራት ገትርን ያዳነው መድኃኒት በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የሚጥል በሽታ መፍጠሪያ ሆኖ ተቀመጠ።

ለምን? መልሱ ለመምጣት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ በሞንትሪያል በኩልም አለፈ። በሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም ኬኔት ኤሊየት የሚባል ባዮኬሚስት ከኸርበርት ጃስፐር ጋር ሌላ፣ ትሑት የሚመስል ጥያቄ ያነሣ ነበር፤ መድኃኒቱን ተዉትና፣ ውሃው ራሱስ? ሐኪሞች አንጎልን የሚያጥቡበት ተራው የጨው ውሃ፣ ሳላይን፣ የጨው መጠኑ ከደም ጋር ይስተካከላል እንጂ የአሲድ ሚዛኑ አይስተካከልም፤ ካልሲየምም፣ ማግኒዥየምም፣ ፖታሲየምም የለውም። ሁለቱ ሰዎች በ1949 ባወጡት ሥራ ይህ ፈሳሽ የአንጎልን ገጽና ጥቃቅን የደም ሥሮቹን እንደሚያውክ አሳዩ፤ የአንጎልን ተፈጥሯዊ ፈሳሽ የሚመስል ድብልቅም አዘጋጁ። የኤሊየት ፈሳሽ በስሙ ይጠራል። ነገሩ ለእኔ የዚህ ታሪክ እጅግ ጨዋ ምዕራፍ ነው፤ ማንም ውሃን አይጠረጥርምና።

ይኸው ኤሊየት በ1957 ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ነገር አገኘ። ከአንጎል ተጨምቆ የሚወጣና የነርቭ ሕዋሳትን ዝም የሚያሰኝ ምንነቱ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ነበር፤ ጋባ የሚባል ቀላል አሚኖ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ጋባ የአንጎል ልጓም ነው። አንዱ ነርቭ ሌላውን ሲያስነሣ ጋባ ይይዘዋል፤ ልጓሙ ሲላላ ነርቮች ባንድነት ይጋልባሉ፤ ሰውየውም ይንዘፈዘፋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፔኒሲሊን የሚያላላው ይህንኑ ልጓም መሆኑ ታወቀ። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ጨምረውበት አንጎል ላይ አደረጉት፤ ማንቀጥቀጡ ጠፋ። ባክቴሪያ የሚገድለው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ሲሰበር የማንቀጥቀጥ ኃይሉም አብሮ ይሰበራል። ቆሻሻው አልነበረም፤ መድኃኒቱ ራሱ ነበር። የፔኒሲሊን ዘመዶች የሆኑት እነ ሴፋዞሊንም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ሴፋዞሊን ዛሬ ከቀዶ ጥገና በፊት በደም ሥር በብዛት የሚሰጥ፣ እጅግ ጠቃሚና ደኅና መድኃኒት ነው። በረኛውን አልፎ በአንጎል ገጽ ላይ ሲፈስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ፤ ፔኒሲሊን ከተጠረጠረ በኋላ ሐኪሞች ምን ያዙ? ኒውዮርክ ውስጥ በ1943 እግሯ የተሰበረ አንዲት ትንሽ ልጅ ቁስል ላይ አንድ እንግዳ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ባልቢና ጆንሰን፣ ፍራንክ ሜሌኒና ኸርበርት አንከር ግኝቱን በ1945 አወጡት። ለመድኃኒቱ የባክቴሪያውን ስምና የልጅቷን የቤተሰብ ስም አዳቅለው ባሲትራሲን አሉት፤ የልጅቷ ስም በየዓለሙ መድኃኒት ቤት ተጻፈ። በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል። በቁስል ላይ ግን ገር መስሎ ታየ፤ ማንቀጥቀጡም እንደ ፔኒሲሊን አይደለም ተብሎ ወደ አንጎል ቀዶ ጥገና ገባ። ዱቄቱን ሳላይን ውስጥ በጥብጦ ቁስሉን ማጠብ በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች የዘወትር ሥርዓት ሆነ።

በ1949 ደግሞ ሰልማን ዋክስማንና ሁበርት ለሼቫልየ ኒዮማይሲንን አገኙ። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሆድ ውስጥም ቁስል ውስጥም ይፈስ ጀመር። በ1956 ሆድ ውስጥ ኒዮማይሲን የፈሰሰባቸው ታማሚዎች ትንፋሻቸው እንደቆመ ተዘገበ፤ መድኃኒቱ ከሰመመን መድኃኒቶች ጋር ተባብሮ ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ይዘጋል። በ1969 ደግሞ ቁስላቸው በኒዮማይሲን የታጠበላቸው ሰዎች ጆሯቸው መደንቆሩ ተጻፈ። ሐኪሞቹ ያፈሰሱት ላይ ላዩን ነበር፤ ግን ትልቅና ጥሬ ቁስል መድኃኒቱን ወደ ደም ይጠጣል። ሰውየው ቁስሉ ድኖለት ይነሣል፤ ልጆቹ ሲጠሩት አይሰማም። ይህን የመሰለ ጉዳት በስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰንጠረዡ የሚቆጥረው መግልን ነውና።

እንዲህ ባለው ሁኔታ 1979 ደረሰ። በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የሚሠራው ሌናርድ ማሊስ በእጁ ብልሃት የታወቀ ሰው ነበር፤ አንጎልን ሳያቃጥል ደም ሥርን ብቻ የሚዘጋውን ባለ ሁለት ጫፍ መቆንጠጫ በአንጎል ቀዶ ጥገና ያሻሻለውና ያስፋፋው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ ከ1700 በላይ ተከታታይ ትልልቅ ቀዶ ጥገናዎችን ሠርቶ አንድም ቁስል እንዳላመረቀዘበት ገለጸ። ሥርዓቱ ሦስት ነገር ነበረው፤ ቫንኮማይሲን በደም ሥር፣ የጄንታማይሲን ወገን የሆነ መድኃኒት በጡንቻ፣ ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ በማጠቢያው ሳላይን ውስጥ። የስትሬፕቶማይሲኑ መጠን በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እጅግ ትንሽ።

ዜናው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ዜሮ የሚለው ቁጥር ቀዶ ሐኪምን ያሰክራል፤ ለዚህም አልፈርድባቸውም፤ በገዛ እጁ የከፈተው አንጎል ሲመግል ያየ ሰው ዜሮን ቢከተል ምን ይገርማል? ነገር ግን ማሊስ ሦስቱንም ባንድነት ስለ ሰጠ፣ ሳይታጠብ የቀረ የማነጻጸሪያ ቡድንም ስላልነበረው፣ ማጠቢያው ብቻውን ምን እንደሠራ ከቁጥሩ ማውጣት አይቻልም። ከኩሺንግ ጎማ ቱቦ ጀምሮ የመጣው መቀላቀል ይኸው ነው። ከማሊስ በኋላ የተሠሩ ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች ከቆዳ መቁረጥ በፊት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የአንጎል ቀዶ ጥገና ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ በማያሻማ መንገድ አረጋገጡ። ስለ ማጠቢያው እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አልመጣም። ብዙዎች ግን ሁለቱንም ያዙ፤ አይጎዳም በሚል እምነት።

አይጎዳም የሚለው እምነት ግን በየጊዜው ይሸረሸር ነበር። ባሲትራሲን ባለበት ሳላይን ቁስላቸው ሲታጠብ በድንገት የደም ግፊታቸው የወረደ፣ ሰውነታቸው በሽፍታ የተሸፈነ፣ ልባቸው እስከ መቆም የደረሰ ታማሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘገቡ። ከእነዚህም መካከል የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ላይ የነበሩ አሉ። በአከርካሪ ጉዳይ አደጋው የሚብስበት አንድ ምክንያት አለ፤ ታማሚው በሆዱ ተኝቷል። ልቡ ቢቆም ደረቱን ለመጫን መጀመሪያ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ጀርባው ግን ክፍት ነው። በዚያች ደቂቃ ያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሩጫ ማሰብ ይከብደኛል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ለጡንቻና ለደም ሥር ተብለው የሚዘጋጁ አንዳንድ የአንቲባዮቲክ ብልቃጦች እንዳይበላሹ መጠበቂያ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ጄንታማይሲን ወደ አንጎል ክፍተት ወይም ወደ አከርካሪ ፈሳሽ መሰጠት ሲኖርበት መጠበቂያ የሌለበት ዝግጅት እንዲሆን የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቆዳን ለማጽዳት ተመራጭ የሆነው ክሎርሄክሲዲንም ነርቭ ሲነካ መርዝ ነው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በተዘጋ ክፍተት ውስጥ ሲፈስ የሚፈጥረው አረፋ ወደ ደም ሥር ገብቶ ሊገድል ይችላል። ለክንድ ቁስል መልካም የሆነ ነገር ሁሉ ከዱራ ወዲያ ሲሻገር ስሙም ጠባዩም ይለወጣል።

አዲሱ ምዕተ ዓመት ሲገባ ጥያቄው ይበልጥ የጦፈው በአከርካሪ በኩል ነው። በጀርባ ላይ ብሎንና ዘንግ ማስገባት ተስፋፍቷል፤ ባክቴሪያ ደግሞ ብረት ላይ መለጠፍ ይወዳል። በ2005 የታይዋን ሐኪሞች 414 የአከርካሪ ታማሚዎችን ለሁለት ከፈሉ። የአንደኛው ወገን ቁስል አጥንት ከመታሰሩ በፊት እኛ ቤታዲን በምንለው ፖቪዶን አዮዲን ታጠበ፤ 0.35 በመቶ ድረስ ቀጥኖ፣ ለሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያም በብዙ ሳላይን ተጠርጎ። ከ208ቱ አንድም አልመረቀዘም። ካልታጠቡት 206 መካከል ሰባቱ ኢንፌክሽን ያዛቸው። አዮዲን አንቲባዮቲክ አይደለም፤ ባክቴሪያ ሊላመደው እጅግ ይቸገራል። እዚህም ግን ጥንቃቄው በቁጥሮቹ ውስጥ ነው፤ መቅጠኑ፣ ደቂቃው፣ ታጥቦ መውጣቱ። ዱራ የተቀደደበት ቁስል ሲሆን ሂሳቡ ሌላ ነው።

በ2011 አሜሪካ ውስጥ የቫንኮማይሲን ዱቄት ወሬ ተሰማ። አንድ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ለ821 ታማሚዎች አንቲባዮቲክ በደም ሥር ብቻ ሰጥቶ፣ በኋላ በ911 ላይ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ግራም ዱቄት ቁስሉ ውስጥ ነስንሶ ነበር። ጥልቅ ኢንፌክሽኑ ከ2.6 በመቶ ወደ 0.2 በመቶ ወረደ። ዱቄቱ በየአገሩ ተነሰነሰ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቡድኖች የታከሙት በተለያየ ዘመን ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከዱቄቱ ሌላ ምን ተሻሻለ? በ2013 የሕንድ ሐኪሞች ወደ 900 የሚጠጉ ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው ሞከሩት። ዱቄት የተነሰነሰላቸው 1.61 በመቶ፣ ያልተነሰነሰላቸው 1.68 በመቶ ታመሙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የማየት ትዕግሥት የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሞቅ ያለ ዜና በኋላ የመጣ፣ የማያስደስት ዜና ስለሆነ።

በኖቬምበር 2016 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ቀዶ ጥገና ኢንፌክሽን መመሪያ አወጣ። የተቆረጠን ቁስል ከመዝጋት በፊት በቀጭን ፖቪዶን አዮዲን ማጠብ ሊታሰብበት እንደሚችል ገለጸ፤ በአንቲባዮቲክ ማጠብ ግን አይደረግ አለ። አንደኛው ምክንያት ጥቅሙ አለመረጋገጡ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒቶቹን እየተላመዱ መሄዳቸው ነው። ይህ ምክር ለቁስል አፍ የተሰጠ ነው እንጂ ለተከፈተ አንጎል ገጽ አይደለም፤ የሚጠቅሱት ሰዎች ሁልጊዜ ይህን ልዩነት አይጠብቁም።

በዚህ ሁሉ መካከል መድኃኒትን ቁስል አጠገብ ማድረግ በራሱ ስሕተት ነው ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት በ2019 ታተመ። ጭንቅላታቸው ውሃ የሚቋጥርባቸው ሕፃናትና አዋቂዎች ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባላቸዋል፤ ቱቦው ከተበከለ እንደገና መከፈት ግድ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ 1605 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ተራ ቱቦ፣ ብር ያለበት ቱቦ፣ አንቲባዮቲክ በጎማው ውስጥ የተነከረ ቱቦ ገባላቸው። በተራውና በብሩ 6 በመቶ ያህል፣ አንቲባዮቲክ ባለበት 2 በመቶ ያህል ተበከሉ። እዚህ መድኃኒቱ በጅረት አይፈስም፤ ከጎማው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ፣ ባክቴሪያው ሊለጠፍበት በሚፈልገው ግድግዳ ላይ ብቻ ይወጣል። መጠኑ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል፣ ማነጻጸሪያውም አለ። ከኬይርንስ የጎማ ቱቦዎች ሰባ ስድስት ዓመት በኋላ።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የባሲትራሲን መርፌ አምራቾች ሁሉ ምርታቸውን ከገበያ እንዲያወጡ ጠየቀ። በመርፌ መልክ የተፈቀደለት አገልግሎት አንድ ብቻ ነበር፤ ስታፊሎኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ሳንባቸው የታመመ ጨቅላ ሕፃናትን ማከም። ለእነሱም ቢሆን ኩላሊት የማይጎዱ የተሻሉ መድኃኒቶች ከመጡ ቆይተዋል። ብልቃጡ ገበያ ላይ የቆየው በአብዛኛው ሐኪሞች ሳላይን ውስጥ እየበጠበጡ ቁስል ስለሚያጥቡበት ነበር፤ ይህ አጠቃቀም ግን ተመርምሮ የተፈቀደ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት የኖረው ልማድ ዱቄቱን አጣ። ነርሶች በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ማጠቢያ ሲያዘጋጁ ሳላይኑን ሞቅ አድርገው ባዶውን ያቀርቡ ጀመር፤ አንዳንዱ ሐኪም ወደ አዮዲን፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አንቲባዮቲክ ዞረ። በጣት የሚቀባው የባሲትራሲን ቅባት ግን፣ ለተጫረ ጉልበትና ለተቆረጠ ጣት፣ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አልወረደም።